ስለ ዓለም ታላላቅ ፏፏቴዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፏፏቴ ለማየት ርቀው ለመጓዝ ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ፤ ወራቱና ዓመታቱ በአውሮፓውያን፣ የቀኑ ሰዓት ግን በእኛው አቆጣጠር ነው።

ፏፏቴ እንዴት ይፈጠራል?

ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ጠንካራ አለት በለስላሳ አለት ላይ ተነጥፎ ሲገኝ ነው። ወንዙ ከላይ ያለውን ጠንካራ አለት ቶሎ መብላት አይችልም። ጠንካራው አብቅቶ ለስላሳው በሚጀምርበት ቦታ ግን እየቦረቦረ ይወርዳል፤ ደረጃው እየጠለቀ ሲሄድም ውሃው ከአፋፉ ይወረወር ጀመር ማለት ነው። ከሥር የሚወድቀው ውሃ ጥልቅ ኩሬ ይቆፍራል። በኩሬው ውስጥ የሚሽከረከረው ድንጋይና አሸዋ ደግሞ የገደሉን ሥር ወደ ውስጥ ይፈለፍለዋል። ውሎ አድሮ ከላይ ያለው አለት መደገፊያ ያጣና ይናዳል፤ ፏፏቴውም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ናያግራ የዚህ ዓይነቱ ፏፏቴ ዋና ምሳሌ ነው።

በሌላ መንገድ የተፈጠሩም አሉ። በበረዶ ዘመን ግዙፍ የበረዶ ግግር ዋናውን ሸለቆ አጥልቆ ሲቆርጠው፣ ገባር ሸለቆዎቹ ከላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። በካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ እና በኒውዚላንድ ሚልፎርድ ሳውንድ ከቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ የሚወረወሩት ፏፏቴዎች የመጡት ከዚያ ነው። የዛምቤዚ ወንዝ ደግሞ ባሳልት በሚባል ከእሳተ ገሞራ በወጣ ጥቁር አለት አምባ ላይ ሲፈስ አለቱን የሚያቋርጥ ደካማ ስንጥቅ አገኘና ያንን ሰርስሮ ራሱ ገባበት፤ ቪክቶሪያ ፏፏቴ የተወለደው እንዲህ ነው። ቪክቶሪያ ላይ ሰው ከስንጥቁ ማዶ፣ በውሃው ልክ ከፍ ብሎ፣ ፊት ለፊት ቆሞ ማየት የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ መቆሚያ ሌሎች ታላላቅ ፏፏቴዎች ላይ በቀላሉ አይገኝም።

ከዓለም ትልቁ ፏፏቴ የትኛው ነው?

መልሱ በምን እንደሚለካ ይወሰናል። በቁመት ቬንዙዌላ የሚገኘው ኤንጅል አንደኛ ነው፤ ከአፋፉ እስከ መጨረሻው 979 ሜትር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 807 ሜትሩን ውሃው በአንድ ትንፋሽ ይወርደዋል። በደቡብ አፍሪካ ድራከንስበርግ ተራሮች ያለው ቱገላ በይፋ 948 ሜትር ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ልኬት የሚያቀርቡለት ሰዎች ስላሉ አንደኝነቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በስፋት ግን ሁለቱም አይጠሩም። ላኦስ ውስጥ በሜኮንግ ወንዝ ላይ ያለው ኮን ፏፏቴ በደሴቶች መካከል ተበታትኖ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ቁመቱ ግን 21 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዮች በሜኮንግ ወደ ቻይና በመርከብ ለመዝለቅ ያለሙትን ሕልም ያከሸፈው ይኸው ነው።

ቪክቶሪያ በቁመትም በስፋትም ብቻውን ሲታይ አንደኛ አይደለም። ሆኖም 1,708 ሜትር ስፋትና 108 ሜትር ቁመት ሲጋጠሙ፣ በሙላት ወራት ከዓለም የሚበልጠው የሌለ ሰፊ የውሃ መጋረጃ ይሆናል። ለተጓዥ ከሜትሩ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ምን ያህል ቀርቦ መቆም እንደሚቻልና በሚደርስበት ወር ምን ያህል ውሃ እንደሚኖር። ከአይስላንዱ ዴቲፎስ ብዙ እጥፍ የሚረዝሙ ፏፏቴዎች በዓለም ላይ ሞልተዋል፤ ቁመቱ 44 ሜትር ገደማ ነው። ከቫትናዮኩል የበረዶ ግግር የሚመጣው ግራጫ፣ ደለል የተሸከመ ውሃ ሲወርድ ከአፋፉ ዳር የቆመ ሰው ግን ድንጋዩ በእግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል።

አንድ ብቻ የማየት ዕድል ቢኖረኝ የትኛውን ልምረጥ?

ኢጓሱን። በአርጀንቲናና በብራዚል ድንበር 2.7 ኪሎ ሜትር በሚሄድ የገደል አፋፍ ላይ ወደ 275 የሚጠጉ ፏፏቴዎች ጎን ለጎን ይወርዳሉ፤ ቁጥራቸውም እንደ ወንዙ ሙላት ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ሌሎቹን ታላላቅ ፏፏቴዎች ሰው ከጥቂት መቆሚያዎች ላይ ያያቸዋል። ኢጓሱን ግን ቀኑን ሙሉ በደን ውስጥ እየተዘዋወሩ ከላይ፣ ከሥር፣ ከፊትና ከጎን ያዩታል። ውሃውም ዓመቱን ሙሉ ስለማይነጥፍ፣ ወሩን መምረጥ የማይችል ሰው እንኳ ሄዶ ባዶ ገደል አይቶ አይመለስም።

በአርጀንቲና ወገን ወደ ዲያብሎስ ጉሮሮ የሚወስደው የብረት መተላለፊያ 1.1 ኪሎ ሜትር ያህል በወንዙ ላይ ይሄዳል። አብዛኛውን መንገድ ከሥርዎ ያለው ውሃ ዝግ ያለና የተኛ ነው፤ ዛፍ የበቀለባቸው ትናንሽ ደሴቶችን እያቋረጡ ያልፋሉ። መጨረሻው ላይ ወንዙ ከሦስት ወገን በአንድ ጊዜ ወደ 80 ሜትር ጥልቀት ይገባል። መጀመሪያ የሚታየው ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው። ትንሽ ታግሰው ካዩ ግን ጥቁር ትናንሽ ወፎች ክንፋቸውን አጥፈው የውሃውን መጋረጃ ሰንጥቀው ሲገቡ ያያሉ። የሚያድሩትና ጎጇቸውን የሚሠሩት ከውሃው ጀርባ ባለው እርጥብ አለት ላይ ነው፤ አዳኝ እዚያ ድረስ አይከተላቸውም። ለእኔ ኢጓሱን ከሁሉ የሚያስበልጠው ይህ ነው፦ ያ ሁሉ ውሃ እየወረደም ቦታው በሕይወት የተሞላ ነው።

መቼ ልሂድ?

የትኛውን ፏፏቴ ልይ ከሚለው ጥያቄ ይህ ይበልጣል፤ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሱት የአውሮፕላን ትኬት ከቆረጡ በኋላ ነው። ተራራ በመጋቢትም በመስከረምም ያው ተራራ ነው። ፏፏቴ ግን በወንዙ ላይ ከሩቅ የዘነበው ዝናብ ወይም የቀለጠው በረዶ እዚያ የሚደርስበት ጊዜ ነው። በሚያምር ፎቶ ተማርከው ለመጓዝ ካሰቡ በመጀመሪያ ያ ፎቶ በየትኛው ወር እንደተነሣ ያጣሩ።

ቪክቶሪያን እንይ። ዝናቡ ከኖቬምበር እስከ ማርች በላይኛው ዛምቤዚ ተፋሰስ ይዘንባል፤ ውሃው በሰፋፊ ረግረጎች ውስጥ እየተንቀራፈፈ አልፎ ከፍተኛው ሙላት ፏፏቴው ጋ የሚደርሰው በኤፕሪል አካባቢ ነው። ስለዚህ ሰማዩ ሲጠራ ወንዙ ይሞላል። በኤፕሪል በዛምቢያ ወገን ቢላ ስለት ተብሎ በተሰየመው ጠባብ ድልድይ ላይ የሚያልፍ ሰው የሚዘንብበት ከላይ ብቻ አይደለም፤ ከገደሉ ወለል የሚነሣው ነፋስ ውሃውን ወደ ላይ ስለሚመልሰው በዝናብ ልብሱ ሥር ገብቶ ከጉልበቱ ጀምሮ ያረጥበዋል። ድምፁ ደረት ያንቀጠቅጣል፤ ፏፏቴው ራሱ ግን በጭጋጉ ተሸፍኖ ላይታይ ይችላል። በኦክቶበርና በኖቬምበር ደግሞ የዛምቢያው ወገን አብዛኛው ክፍል ጥቁር አለት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ውሃውንም ገደሉንም አንድ ላይ ማየት ለሚፈልግ ጁንና ጁላይ ይሻላሉ፤ እኔም ምርጫዬ እነሱ ናቸው።

ሌሎቹንም በዚሁ ዓይን ይመልከቷቸው። 739 ሜትር የሚረዝመው ዮሰሚቲ የሚመገበው ከሚቀልጥ በረዶ ስለሆነ በሜይ ይሞላል፤ በኦገስት ብዙ ጊዜ ጭራሽ ይደርቃል። ጢስ ዓባይ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ፣ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ነው የሚደምቀው። ከበረዶ ግግር የሚመነጩት የአይስላንድ ወንዞች በበጋቸው፣ ፀሐይ በምትበረታበት ጊዜ ይሞላሉ። ኤንጅል የዝናብ ወራትን ይፈልጋል፤ ከጁን እስከ ኖቬምበር ያለው ጊዜ ይመረጣል።

ቪክቶሪያን ከዛምቢያ ወይስ ከዚምባብዌ ወገን ልየው? ኢጓሱንስ?

አንዱን ብቻ ማየት ግድ ከሆነ ዚምባብዌን ይምረጡ። ከፏፏቴው አብዛኛው ክፍል ፊት ለፊት የሚታየው ከዚያ ነው፤ በደረቁ ወራትም ውሃ የሚቀረው በዚያ ወገን ነው። ዛምቢያ ውሃው ሲሞላ ይበልጥ ያስጠጋል። ሁለቱን አገሮች በአንድ ለመጎብኘት የሚያስችል ካዛ የሚባል የጋራ ቪዛ ስላለ፣ ለእርስዎ ፓስፖርት ይፈቀድ እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በ1905 በተሠራው ድልድይ ላይ በእግር የሚታለፍ ነው፤ ገደሉን ከድልድዩ መካከል ማየት ብቻውን መሻገሩን ያዋጣዋል።

ለኢጓሱ ሁለቱንም ወገን ያቅዱ። ከብራዚል ወገን ሙሉውን ትርኢት በግማሽ ቀን ከፊት ለፊት ያያሉ፤ ከአርጀንቲና ወገን ደግሞ ሙሉ ቀን ወስደው በመካከሉ ይዘዋወራሉ። ከብራዚል መጀመር የተሻለ ይመስለኛል፤ ከሩቅ ያዩትን በማግሥቱ ቀርበው ይገቡበታል። ከጉዞው በፊት መተላለፊያዎቹ ክፍት መሆናቸውንም ያጣሩ፤ በ2022 በደረሰ ከባድ ጎርፍ የዲያብሎስ ጉሮሮ መንገድ ተጎድቶ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር።

ቀስተ ደመናውን ለማየት በስንት ሰዓት ልድረስ?

ደንቡ ቀላል ነው፦ ፀሐይ ከጀርባዎ፣ የውሃው ብናኝ ከፊትዎ ይሁን። ቀስተ ደመና የሚታየው ፀሐይ ካለችበት በተቃራኒ አቅጣጫ 42 ዲግሪ ያህል ርቆ ስለሆነ፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል ቀስቱ ከፍ ይላል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ደግሞ ወደ ገደሉ ውስጥ ይወርዳል። ለምሳሌ ናያግራን ከካናዳ ወገን የሚያይ ሰው ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ይምጣ፤ ከአሜሪካ ወገን ለሚቆም ጠዋቱ ይሻለዋል። ከገደል አፋፍ ወደ ታች ሲያዩ ቀስቱ ከግማሽ በላይ ክብ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ይህን አያገኝም።

የጨረቃ ቀስተ ደመናም አለ። ቪክቶሪያ ላይ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንባቸው ሌሊቶች ፓርኮቹ ለጎብኚዎች ይከፈታሉ፤ ብናኙ ብዙ በሆነባቸው ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ባሉት ወራት የመታየት ዕድሉ ይሰፋል። በዓይን ሲታይ ነጣ ያለ ቅስት ነው፤ ቀለማቱን አጉልቶ የሚያወጣቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተከፈተ ካሜራ ነው። ይህን ሳያውቁ ሄደው የሚያዝኑ ሰዎች ስላሉ ነው የምጠቅሰው።

በስልክ ጥሩ ፎቶ ማንሣት ይቻላል?

ይቻላል። ውሃው እንደ ሐር ለስልሶ እንዲታይ ከፈለጉ ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስደግፈው ሸተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መክፈቻ፣ ከሩብ ሰከንድ እስከ አንድ ሰከንድ ያቆዩት፤ ደመናማ ቀን ለዚህ ከጠራራ ፀሐይ ይሻላል። ኃይሉ እንዲታይ ከፈለጉ ግን በተቃራኒው ያፍጥኑት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ቪክቶሪያንና ኢጓሱን የመሰለ ኃይለኛ ውሃ ሲለሰልስ ክብደቱ ይጠፋል። ሌንሱን የሚጠርጉበት ደረቅ ጨርቅ በማይረጥብ ቦታ ይያዙ፤ በፎቶው ጥግ ላይ አንድ ሰው ይግባ፣ አለበለዚያ 20 ሜትሩንና 200 ሜትሩን የሚለይ ነገር አይኖርም። ድሮን በብዙ ብሔራዊ ፓርኮች የተከለከለ ነው።

ኤንጅል ፏፏቴ ጋ ለመድረስ ምን ያህል ይከብዳል?

ይከብዳል፤ መንገድ የለውም። በመጀመሪያ በትንሽ አውሮፕላን ካናይማ ወደተባለችው መንደር ይበራሉ። ከዚያ በሞተር በሚሄድ የእንጨት ታንኳ የካራኦንና የቹሩንን ወንዞች ተከትሎ ለሰዓታት ይዘለቃል፤ በመጨረሻም ደኑን አቋርጦ በእግር ወደ ማያው ይወጣል። አብዛኛው ተጓዥ በወንዙ ዳር በተዘረጋ መረብ አልጋ ላይ ያድራል። በደረቁ ወራት ወንዙ ታንኳ ማሳለፍ ያቅተዋል፤ በዝናቡ ወራት ደግሞ ደመና የተራራውን አናት ይሸፍናል። ስለዚህ አንድ ቀን ትርፍ ያልያዘ ሰው ሳያየው ሊመለስ ይችላል። የቬንዙዌላን የጸጥታና የመግቢያ ሁኔታ ከመነሣትዎ በፊት ማጣራትም ግድ ነው።

ፏፏቴው የሚወርደው አውያን ቴፑይ ከሚባል አናቱ ጠፍጣፋ ግዙፍ ተራራ ላይ ነው። የአካባቢው የፔሞን ሕዝብ ኬሬፓኩፓይ ሜሩ ይለዋል። ኤንጅል የተባለው በአሜሪካዊው አብራሪ ጂሚ ኤንጅል ስም ነው፤ በ1937 አውሮፕላኑን ተራራው አናት ላይ ሲያሳርፍ ጎማዋ ረግረግ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። እሱ፣ ባለቤቱና ሁለት ባልንጀሮቻቸው በእግራቸው ወርደው ሰው ያለበት ለመድረስ 11 ቀን ፈጀባቸው። ቁመቱ በትክክል የተለካው ከዚያ በኋላ፣ በ1949 ጋዜጠኛዋ ሩት ሮበርትሰን በመራችው ጉዞ ነው።

ፏፏቴ ጫፍ ላይ መቆም ወይም ከሥሩ መዋኘት አደገኛ ነው?

አዎ፤ ከሚመስለውም በላይ። ወንዝ ከአፋፉ በፊት ብዙ ጊዜ ዝግ ያለ ይመስላል፤ ጫፉ ሲቃረብ ግን ፍጥነቱ በድንገት ይጨምራል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በትክክል እዚህ ላይ ይሠራል። አለቱ በቀጭን አልጌ ስለሚሸፈን ደረቅ የሚመስለው እንኳ ያንሸራትታል። በ2011 በዮሰሚቲ ቨርናል ፏፏቴ አናት ላይ መከላከያ አጥሩን አልፈው ወደ ውሃው የገቡ ሦስት ሰዎች ከአፋፉ ተወስደዋል። አጥር ባለበት አጥሩን ማክበር፣ አጥር በሌለበት ደግሞ ከጫፉ በላይ ካለው ውሃ እግርን እንኳ አለማስገባት ነው።

ከሥር ያለው ኩሬም የራሱ አደጋ አለው። ብዙ አየር የተቀላቀለበት ነጭ ውሃ ሰውን አያንሳፍፍም፤ የሚሽከረከረው ማዕበልም ደጋግሞ ወደ ታች ይስባል። ላይ ዝናብ ከዘነበ ጎርፉ እርስዎ ጋ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ሊደርስ ይችላል። ውሃው ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ ሲያመጣ ወይም ድምፁ ሲለወጥ ዕቃዎን ለመሰብሰብ እንኳ ሳይቆዩ ወደ ከፍታ ይውጡ። ቪክቶሪያ አፋፍ ላይ ያለው የዲያብሎስ ገንዳ የተባለው መዋኛ የሚፈቀደው ወንዙ በሚጎድልባቸው ወራት፣ በአስጎብኚ ታጅቦ ብቻ ነው። ከውሃው ጀርባ መግባት ለሚመኝ ሰው የአይስላንዱ ሴልያላንድስፎስ አለ፤ 60 ሜትር ከሚወርደው ውሃ በስተኋላ የሚዞር የእግር መንገድ ስላለው ከበረዶ ወራት ውጭ በጥሩ ጫማ ይዞሩታል።

ደም የሚመስልና እሳት የሚመስል ፏፏቴ እውነት ነው ወይስ የተቀነባበረ ፎቶ?

ሁለቱም እውነት ናቸው። ደም የሚመስለው አንታርክቲካ ውስጥ ከቴይለር የበረዶ ግግር የሚወጣ ነው፤ በ1911 ነው የተገኘው። ከበረዶው ሥር ለረጅም ዘመን ታምቆ የኖረ፣ ብረት የበዛበት እጅግ ጨዋማ ውሃ ወደ ውጭ ሲወጣ ከአየር ጋር ይገናኝና ብረቱ ይዝጋል፤ ቀለሙ የዚያ ዝገት ነው። ጨዉ ስለሚበዛ በዚያ ብርድ እንኳ አይረጋም።

እሳት የሚመስለው ደግሞ ዮሰሚቲ ውስጥ ኤል ካፒታን ከሚባለው ግዙፍ አለት ላይ የሚወርደው ሆርስቴይል ፏፏቴ ነው። በፌብሩዋሪ ሁለተኛ አጋማሽ ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረሯ ፏፏቴውን ብቻ ነጥሎ ይመታዋል፤ ያኔ ለጥቂት ደቂቃዎች እንደ ቀለጠ ብረት ይግላል። ይህ እንዲሆን ግን ከላይ የሚቀልጥ በረዶ መኖር፣ የምዕራቡም ሰማይ ከደመና መጥራት አለበት። አንዱ ከጎደለ ትርኢቱ አይኖርም፤ ለዚህ ብቻ ውቅያኖስ ተሻግሮ መሄድን አልመክርም።

የማየው ውሃ በሙሉ ተፈጥሮ የሰጠችው ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ናያግራ ላይ አሜሪካና ካናዳ በ1950 በተፈራረሙት ውል መሠረት የሚወርደው ውሃ በሰዓት ተለክቷል። ከኤፕሪል 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በሰከንድ ቢያንስ 2,832 ሜትር ኩብ ይለቀቃል፤ በሌሊትና በብርዱ ወራት ግማሹ፣ ማለትም 1,416 ሜትር ኩብ በቂ ነው። የቀረው ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹ ይሄዳል። ጢስ ዓባይም ከአጠገቡ ለተሠሩት ማመንጫዎች ውሃ ስለሚያካፍል በበጋ ወራት ከቀድሞው እጅግ የሳሳ ሆኗል፤ የድሮ ፎቶ አይተው የሚሄዱ ሰዎች የሚደነግጡት በዚህ ነው።

ጭራሽ በሰው እጅ የተሠራም አለ። ጣሊያን ውስጥ 165 ሜትር የሚወርደው ማርሞሬ፣ ሮማውያን በ271 ከክርስቶስ ልደት በፊት ረግረግ ለማድረቅ በቆፈሩት ቦይ የመጣ ነው፤ ዛሬ በሩ በታወቀ ሰዓት ይከፈታል፣ ይዘጋል። የሚከፈትበትን ሰዓት ሳያዩ አይሂዱ። በ2024 ደግሞ በቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር 314 ሜትር ከሚረዝመው የዩንታይ ፏፏቴ አናት ላይ አንድ ተጓዥ የውሃ ቧንቧ ቀርጾ አወጣ፤ አስተዳዳሪዎቹም በደረቅ ወቅት ውሃ እንደሚጨምሩ አመኑ። ማርሞሬ ታሪኩን ስለማይደብቅ ውበቱ አይቀንስብኝም። ለጎብኚው ሳይነገር የሚደረገው ግን ትክክል አይመስለኝም፤ ሰው ርቆ የሚሄደው ወንዙ በዚያ ወቅት ያለበትን ሁኔታ ለማየት ነው።

ፏፏቴ ሊቆም ወይም ሊጠፋ ይችላል?

ለጊዜው ቆሞ ያውቃል። በማርች 1848 መጨረሻ ከኤሪ ሐይቅ የመጣ በረዶ የወንዙን አፍ ዘግቶ ናያግራ ከአንድ ቀን በላይ ዝም አለ፤ ሰዎች በደረቀው ወለል ላይ ተራመዱበት። በ1969 ደግሞ መሐንዲሶች ከናያግራ ሦስት ፏፏቴዎች አንዱን፣ የአሜሪካ ፏፏቴ የሚባለውን፣ ለወራት አድርቀው አለቱን መረመሩት፤ ከሥሩ የተከመረውን ናዳ ለማንሣት ታስቦ ነበር፣ በመጨረሻ እንዳለ ተዉት። ናያግራ ባለፉት 12,000 ዓመታት 11 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አፈግፍጓል።

ለዘለዓለም የጠፉም አሉ። በብራዚልና በፓራጓይ ድንበር የነበረው ጓይራ በውሃ ብዛት ከዓለም ታላላቆቹ ይቆጠር ነበር። በኦክቶበር 1982 የኢታይፑ ግድብ ሐይቅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞልቶ ዋጠው። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ሊሰናበቱት ከመጡት መካከል በርካቶች የእግር ድልድይ ተበጥሶ ሞተዋል። አይስላንድ ውስጥ ጉልፎስም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለኤሌክትሪክ ሊገደብ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬ ልጅ ሲግሪዱር ቶማስዶቲር ለዓመታት ተሟገተች፣ በ1979ም ቦታው በሕግ ተጠበቀ። ዛሬ ጉልፎስ አጠገብ ምስሏ በድንጋይ ተቀርጾ ቆሟል።

ኢኳዶር ውስጥ 150 ሜትር ገደማ ይወርድ የነበረው ሳን ራፋኤል ደግሞ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2020 የውሃ ሽታ ሆነ። የኮካ ወንዝ ከአፋፉ ትንሽ ከፍ ብሎ መሬቱን አፍርሶ ከሥር መውጫ አበጀ፤ አፋፉ ያለ ውሃ ቀረ። ከዚያ በኋላ የወንዙ ወለል ወደ ላይ እየተናደ ሲሄድ መንገድና የነዳጅ ቧንቧ ቆርጧል። ከላይ ያለው የኮካ ኮዶ ሲንክሌር የኃይል ማመንጫ ደለሉን በማስቀረቱ አስተዋጽኦ አድርጓል ወይስ የእሳተ ገሞራው አካባቢ የተፈጥሮ ባሕርይ ነው በሚለው ላይ ባለሙያዎች ተከራክረዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ፏፏቴ ባሕር ውስጥ ነው ሲባል ምን ማለት ነው?

በግሪንላንድና በአይስላንድ መካከል ባለው የዴንማርክ ሰርጥ፣ ከሰሜን የሚመጣው ቀዝቃዛ ውሃ ከደቡቡ ሞቃት ውሃ ስለሚከብድ ከባሕር ወለል በታች ያለውን ደፍ ተሻግሮ ቁልቁል ይወርዳል። የሚወርድበት ከፍታ ወደ 3,500 ሜትር ይጠጋል፤ ይህም ከኤንጅል ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በሰከንድ የሚያልፈው ውሃ ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይበልጣል። ከላይ በመርከብ የሚያልፍ ሰው ግን ምንም አያይም፤ የታወቀው የውሃውን ሙቀት፣ ጨውና ፍሰት በሚለኩ መሣሪያዎች ነው። አወራረዱም ተዳፋትን ተከትሎ በዝግታ እንጂ ከገደል እንደሚወረወር ውሃ አይደለም።